ኤፍራታ፦ ስሙ ከየት መጣ? ስታወጡትስ ምን ልብ ትላላችሁ?

በአራት ኪሎ፣ በፒያሳና በካዛንቺስ ባሉ መዋዕለ ሕፃናት መስከረም ላይ የሚለጠፈውን የልጆች ስም ዝርዝር ያየ ሰው፣ የሴቶች ስም በአንድ ትውልድ ምን ያህል እንደተለወጠ ወዲያው ይገባዋል። አልማዝና ጥሩነሽ የሉም፤ ትዕግሥትና ሕይወት እንኳ የእናቶች ስም ሆነዋል። በምትካቸው ቤተልሔም፣ ሶሊያና፣ ቢታንያ፣ ኤልዳና ተደርድረዋል። ኤፍራታ የመጣችው ከእነዚህ ጋር ነው፤ ግን አልበዛችም። በአንድ ክፍል አንዲት ብትገኝ ነው። ያም ሆኖ ስሙን ሰምቶ «ምን አላችሁኝ?» ብሎ የሚያስደግም ሰው ብዙም አያጋጥምም። ብርቅ ሆኖ ባዕድ ያልሆነ ስም በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ይህን ስም ለሚያስቡ ወላጆች የሚጠቅመውን ሁሉ አንድ ላይ ማስቀመጥ ፈለግሁ።

ኤፍራታ የቦታ ስም ነው፤ የቤተልሔም የቀድሞ መጠሪያ። ዘፍጥረት 35 ላይ ራሔል ብንያምን ስትወልድ ምጥ ጠንቶባት ሞተች፣ በኤፍራታ መንገድም ተቀበረች ይልና፣ ኤፍራታ ማለት ቤተልሔም መሆኗን እዚያው ይነግረናል። ሚክያስ 5፥2 ደግሞ ሁለቱን አጣምሮ «አንቺም ቤተ ልሔም ኤፍራታ ሆይ» ብሎ ይጠራታል። ይህ አጠራር ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በዛብሎን ርስት ውስጥ ሌላ ቤተልሔም ነበረች (ኢያሱ 19፥15)፣ ኤፍራታ ሲጨመርበት የይሁዳዋ መሆኗ ይለያል። ማቴዎስ ይህንኑ ትንቢት ሲጠቅስ (2፥6) ኤፍራታን ትቶ «የይሁዳ ምድር» ይላል። ስለዚህ ስሙን በአዲስ ኪዳን ብትፈልጉት አታገኙትም። በመዝሙረ ዳዊት ግን አለ፤ በእኛ አቆጣጠር 131፥6፣ በዕብራይስጡ 132፥6።

ብዙ ሰው የማያውቀው ኤፍራታ የሴት ስምም መሆኑን ነው። 1ኛ ዜና መዋዕል 2፥19 ላይ የኤስሮም ልጅ ካሌብ፣ ሚስቱ ዓዙባ ከሞተች በኋላ ኤፍራታን አገባ፣ እሷም ሆርን ወለደችለት ይላል። ይህ ካሌብ ከኢያሱ ጋር ምድሪቱን ሊሰልል የሄደው የዮፎኒ ልጅ አይደለም፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። «የከተማ ስም ለልጅ ይሰጣል እንዴ?» ለሚል ዘመድ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ ስሙ ያኔም በሴት ላይ ወጥቶ ነበርና። ወንድ ልጃቸውን ካሌብ ያሉ ወላጆች ግን እህቱን ኤፍራታ ከማለታቸው በፊት ትንሽ ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው የሚያስታውሰው ባልና ሚስቱን ነው።

ትርጉሙ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል። አንዳንዱ «የእንጀራ ቤት» ይለዋል፤ ያ የቤተልሔም ትርጉም ነው። ኤፍራታ ከዕብራይስጡ የፍሬ ሥር ጋር ይያያዛል፤ ፍሬያማ፣ ያፈራች እንደማለት ነው። በግእዝ «ፈረየ» ከሚለው፣ እኛም በየቀኑ ፍሬ፣ አፈራ፣ ፍሬያማ ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ኤፍሬምም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ዮሴፍ ልጁን ኤፍሬም ያለው እግዚአብሔር በመከራዬ አገር አፈራኝ ሲል ነው (ዘፍጥረት 41፥52)። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ያልከበደው በዚህ ይመስለኛል። ፍሬሕይወትን ስታወጣ የኖረች አገር ኤፍራታ ስትባል ውስጡ ያለውን «ፍሬ» ሳይነግሯት ትሰማዋለች።

ለምን ለሴት? ለምንስ አሁን? አማርኛ ከተማን ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ «አንቺ» ይላል። ኢየሩሳሌም ሆይ፣ ጽዮን ሆይ፣ ቤተልሔም ኤፍራታ ሆይ። የመጽሐፍ ቅዱስ ቦታዎች በአገራችን በብዛት በሴቶች ላይ የወጡት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሳሮን፣ ኤደን፣ ገሊላ፣ ቢታንያ ሁሉ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ጥሩነሽና ዓለምነሽ ልጅቷን ራሷን «ነሽ» ብለው ያናግሯት ነበር፤ የቦታ ስሞች ያን «አንቺ» ከጥቅሱ ይዘውት መጡ። ቤተልሔም በየቤቱ ሲበዛ ደግሞ፣ ያንኑ ጥቅስ የሚወዱ ወላጆች እዚያው አጠገቡ ያለውን ቃል አነሱ። ስሙ ላይ ክርክር የሌለበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ከብሉይ ኪዳን ስለሆነ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም እኩል ይቀበሉታል። በሁለት ቤተ እምነት መካከል ለተጋቡ ወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አያቶች የሚያነሷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ከሸዋ ነው። በሰሜን ሸዋ ኤፍራታና ግድም የሚባል ወረዳ አለ፤ ከተማው አጣዬ ነው፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ። አገሩን የሚያውቁ አዛውንት ስሙን ሲሰሙ «ቤተሰቧ የዚያ አገር ሰው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ስሙን አይጎዳውም፤ ከዚያ ለሚወለድ ቤተሰብ እንዲያውም እጥፍ ድርብ ደስታ ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ዘፍጥረትን ያነበበች አያት «ራሔል በወሊድ የሞተችበትን መንገድ ለአራስ ልጅ?» ልትል ትችላለች። መልሱ ሩት 4፥11 ላይ ነው። ቦዔዝ ሩትን ሲያገባ በደጅ የነበሩት ሽማግሌዎች ሲመርቁት፣ ወደ ቤትህ የምትገባውን ሴት እንደ ራሔልና እንደ ልያ ያድርጋት፣ አንተም በኤፍራታ ባለጠጋ ሁን ይላሉ። ራሔልና ኤፍራታ እንደገና አንድ ላይ ተነሡ፤ የአሁኑ ግን የሠርግ ምርቃት ነው። ጥቅሱን ከፍቶ ማንበብ ከክርክር ይሻላል።

አጻጻፉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትክክለኛው በአሌፉ «ኤ» ነው፤ የዕብራይስጡ የመጀመሪያ ፊደል አሌፍ ስለሆነ በዓይኑ «ዔ» መጻፍ ምንጩን ይስታል። ስናነበው ልዩነት የለውም፣ ለኮምፒውተር ግን ኤፍራታና ዔፍራታ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ በአንዱ የተመዘገበች ልጅ በሌላው ብትፈለግ አትገኝም። «ኢፍራታ» እና «ኤፍራጣ» ብለው የሚጽፉም ይኖራሉ። አራት ፊደል ብቻ ነው፦ ኤ፣ ፍ፣ ራ፣ ታ። ለኬክ ጽሑፍ ምቹ ነው። ለአንገት ሐብል ግን ፊደሎቹ እርስ በርስ ስለማይያያዙ፣ ወርቅ ሠሪው ከሥር ወይም ከላይ የሚያያይዛቸው ቀጭን ዘንግ እንዲጨምር ማሳሰብ ይገባል።

በላቲን ፊደል ሦስት አማራጭ ታገኛላችሁ። አንደኛው በ«ኤፍ» የሚጻፈው ባለ 6 ፊደሉ ነው። ሁለተኛው ኤፍን በ«ፒ ኤች» የሚተካው ባለ 7 ፊደሉ ነው፤ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ያለችው ከተማ ስሟ እንዲህ ስለሚጻፍ፣ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት። ሦስተኛው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች የሚገኘው፣ «ቲ ኤች» ያለበትና በ«ኤች» የሚያልቀው ባለ 9 ፊደሉ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ተግባራዊ ነው። ልጅቷ በሕይወቷ ስሟን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚገለብጡላት ብዙ ጸሐፊዎች ይኖራሉ፦ ትምህርት ቤት፣ ፋይዳ፣ ባንክ፣ ፓስፖርት። ሳይጠይቅ የሚጽፍ ጸሐፊ «ፍ»ን የሚጽፈው በ«ኤፍ» ነው። ባለ 9 ፊደሉን የመረጠ ወላጅ በየመስኮቱ ማስተካከል ይኖርበታል፤ የውጭ አገር ሰውም «ቲ ኤች»ዋን አይቶ ምላሱን ጥርሱ መሃል ያስገባል።

ከአባት ስም ጋር አብራችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ኤፍራታ በ«ታ» ስለሚያልቅ፣ አባትየው ታደሰ ወይም ታምራት ከሆነ ሁለቱ ታዎች ይጋጩና «ኤፍራ» የምትባል ልጅ ትመስላለች። በ«አ» የሚጀምር የአባት ስምም ይዋጣል፤ አበበ ሲከተለው «ኤፍራታበበ» ይሆናል። ዳዊት፣ ሰለሞን፣ መኮንን ሲከተሉት ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። የቤት መጠሪያዋ ብዙ ጊዜ «ኤፊ» መሆኑ አይቀርም፤ ቤት ውስጥ ኤፍሬም ካለ ሁለቱም አቤት ይላሉ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ስሙን በመምረጥ ላይ ሳይሆን በቀኖቹ ላይ ነው። ጋንዲም ሆነ ሌላ ሆስፒታል የተወለደች ልጅ ከዚያ ስትወጣ በአብዛኛው በእናቷ ስም ነው የተጻፈችው። ከዚያ የ45 ቀን ክትባት ይመጣል፤ ነርሷ ካርዱ ላይ ስም ትጠይቃለች፣ ገና ስም ያልቆረጠ ቤተሰብ «ሚሚ» ብሎ ያስጽፋል። ሴት ልጅ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፣ ብዙዎችም ስሙን እስከዚያ ያቆዩታል። የልደት ምዝገባ ግን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ90 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። በመካከሉ የሚቀረው 10 ቀን ነው። መስከረም 1 የተወለደች ልጅ 80 ቀኗ ኅዳር 20፣ 90ው ኅዳር 30 ይሆናል። በዚያ ላይ ድግሱ፣ እንግዳው፣ ቅዳሜና እሑዱ ሲጨመር ቀኑ እልም ይላል። ስሙን ከክትባቱ በፊት ቁረጡ፤ ካርዱም ላይ ኤፍራታ ተብሎ ይጻፍ።

ወረዳ ስትሄዱ የሆስፒታሉን የልደት ማሳወቂያና የወላጆችን መታወቂያ ያዙ። ኤፍራታ የቅዱስ ስም ስላልሆነ ቤተ ክርስቲያን ሌላ የክርስትና ስም ትሰጣለች፤ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ ልትባል ትችላለች። ያ ስም ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ በምዝገባው ቅጽ ላይ እንዳይገባ ለመዝጋቢው አስቀድማችሁ ንገሩ። የልደት የምስክር ወረቀቱ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚይዝ፣ የላቲን አጻጻፉ የሚቆረጠው በዚያች ቀን ነው። በቃል ከመናገር፣ ሁለቱንም በትልቁ ጽፋችሁ በብጣሽ ወረቀት ስጡ። ከመታተሙ በፊት በስክሪኑ ላይ አንብቡት፤ መጀመሪያ «ኤ»ዋን፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን እያንዳንዱን ፊደል፣ ከዚያ የአባትና የአያት ስም ከወላጆች መታወቂያ ጋር አንድ መሆኑን። ከታተመ በኋላ የፊደል ግድፈት ማስረጃ አቅርቦ ማሳረም ይቻላል፤ ስሙን ራሱን መለወጥ ግን ፍርድ ቤት ያስኬዳል።