ነጠላና ፊት፦ ከሠርግ ቪዲዮ ወደ ዘጋቢ ፊልም የቀለም ሥራ

የኤዲቲንግ ሙያን የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር ነው። በዚያ ሥራ እጅ ይፈጥናል፤ ሙዚቃን ተከትሎ መቁረጥም ይለመዳል። ቀለምን በሚመለከት ግን አንድ መጥፎ ልማድ ይዤ ወጣሁ፤ ምስሉ ከደመቀ አማረ ብዬ አምን ነበር።

ልማዴ የተጋለጠው በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ላይ የተሠራ አጭር ዘጋቢ ፊልም እንዳቀናብርና ቀለሙን እንዳስተካክል በተሰጠኝ ጊዜ ነው። አዛውንቱ ሸማኔ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አውርደው የሚሸምኑበት ቤት ጨለማ ነበር፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ሲሆን፣ እጃቸው ላይ ያለው ነጠላ ደግሞ እንደ ወተት ነጭ ነው። ካሜራማኑ ነጩ ጥጥ ዝርዝሩን እንዳያጣ ብርሃኑን ስለቀነሰ የሸማኔው ፊት ከግድግዳው ጋር ተዋህዶ ቀረ። እኔም ፊቱን በኃይል ሳበራው ጥላው ውስጥ ነጠብጣብና የተቆራረጠ ቀለም ወጣ። ቀረጻው ባለ 8 ቢት ስለነበር ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ለእያንዳንዳቸው ያለው እርከን 256 ብቻ ነበር፤ ባለ 10 ቢት ቢሆን ኖሮ 1024 ይሆን ነበር። ከ256ቱም ውስጥ በጨለማ ላለ ጠይም ፊት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።

ፊልሙ በአዳራሽ ሲታይ ሌላ ጉድለት ወጣ። በላፕቶፔ ላይ ሞቅ ያለ ቡናማ የነበረው ፊት በትልቁ መጋረጃ ላይ አረንጓዴ ያዘለ አመድማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት የመጀመሪያ ገንዘብ የገዛሁት ካሜራ ሳይሆን ሞኒተር ነው፤ በመለኪያ መሣሪያም ወደ ሬክ 709 (የቪዲዮ ቀለም መደበኛ ደረጃ)፣ ጋማ 2.4 (ከጥላ ወደ ብርሃን ያለው አካሄድ)፣ የነጭ ነጥብ 6500 ኬልቪን፣ ብሩህነት 100 ኒት አስተካከልኩት፤ የክፍሌንም ግድግዳ ግራጫ ቀባሁት። የቀለም ማስተካከያ ፕሮግራሙ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጻ ቅጂ ስላለው ፕሮግራሙ ወጪ አላስወጣኝም።

የምስሉን ቀለሞች በክብ ሰሌዳ ላይ የሚያሳየውን፣ ቬክተርስኮፕ የሚባለውን መለኪያ ማንበብ ስጀምር የቀይም ሆነ የጠይም ሰው ቆዳ በአንድ መስመር አቅራቢያ እንደሚያርፍ፣ ልዩነቱ በብሩህነትና በቀለም ጥግብነት ላይ እንደሆነ ገባኝ። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ያከፋፍለው የነበረው መመዘኛ ካርድ ለረጅም ዘመን ነጭ ሴት የምትታይበት ነበርና፣ ለእኛ ፊት መመዘኛ የማዘጋጀቱ ሥራ የራሳችን ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በየፊልሙ ከጥላ፣ ከፀሐይና ከኩራዝ ብርሃን የተወሰዱ የፊት ምስሎችን አስቀምጬ አዲሱን ሥራ ከእነርሱ ጋር አስተያያለሁ።

ከቀለሙ ይልቅ እስካሁን የሚቆጨኝ ግን የቋንቋው ስሕተት ነው። ሸማኔው በጋሞኛ የተናገሩት በሁለት መስመር አጥሮ ስለተሰጠኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለበትን ቦታ የንግግሩ መጨረሻ አድርጌ ቆረጥኩት። ጋሞኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ልጆቼ ይህን ሙያ እንዲይዙ» ካሉ በኋላ የመጣው «አልፈልግም» በእኔ መቀስ ቀረ፤ የግርጌ ጽሑፉም የተናገሩትን ገልብጦ አቀረበ። ያረመኝ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ተመልካች ነው። አሁን የማላውቀውን ቋንቋ ከመቁረጤ በፊት ቃል በቃል ተጽፎና ከታይምኮድ (በቀረጻው ላይ ካለው የሰዓት ቁጥር) ጋር ተያይዞ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ፤ የመጀመሪያው ቅንብር ሲያልቅም ተርጓሚው አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን መቁረጫ ይሰማል። የዚህን ሁለት ቀን ክፍያ በውሉ ውስጥ አስቀድሜ አስገባለሁ።

ከካሜራማን ጋር የምነጋገረውም ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ሆኗል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩም (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ቢሆን የፍሎረሰንት ብልጭታ አይገባም፤ አንዴ ከገባ ማውጣቱ አድካሚ ነው። ፊትና ነጠላ አብረው ባሉበት ደግሞ ፊቱን እንዲያስቀድም እለምነዋለሁ።

ዋናዎቹ ፋይሎች በሁለት ሃርድ ዲስክ ተቀምጠው ስለነበር የሸማኔዎቹን ፊልም ባለፈው ዓመት እንደገና ከፈትኩት። በፕሮግራሙ ውስጥ ፊቱን ብቻ የሚከተል መስኮት (ማስተካከያው የሚሠራበት ክልል) አበጅቼ በጥቂቱ አበራሁት፤ ነጠብጣቡ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ዓይናቸው ታየ፤ በበሩ በኩል ያለው የነጠላው ጠርዝ ግን ትንሽ እንዲነጣ ተውኩት። «አልፈልግም» የሚለውን ቃልና ከእሱ በኋላ የነበረውን ዝምታም መለስኩ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ መወርወሪያው ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ይሰማል።