50 ስትሪፕ፣ የ8 ወር ማስታወሻ

ሰላም የስኳር ጓደኞቼ። ባለፈው ሳምንት የ3 ወር የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየው የምርመራ ውጤት ደረሰልኝ፤ ኤዋንሲዬ (HbA1c የሚሉት) 7.6 በመቶ ሆኗል። ማስታወሻ መያዝ ስጀምር 9.4 ነበር። ሐኪሜ የምትፈልገው ከ7 በታች ስለሆነ ገና እልልታ የለም። ግን በምን እንደወረደ ስለማውቅ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ስኳር ከተገኘብኝ 6 ዓመት አልፎኛል። ክኒን ላይ ነኝ፣ ኢንሱሊን አልወስድም። ስለዚህ በቀን አራቴ መለካት አያስፈልገኝም፤ አቅሜም አይፈቅድም። 50 ፍሬ ስትሪፕ (የደም ጠብታ ነክተን የስኳር መለኪያ ማሽኑ ውስጥ የምናስገባት ቀጭን ወረቀት) 2 ወር እንዲያደርሰኝ እፈልጋለሁ። ድሮ የምለካው ጠዋት በባዶ ሆዴ ብቻ ነበር። 150 ይላል፣ እበሳጫለሁ፣ ማሽኑን መሳቢያ ውስጥ እወረውረዋለሁ። ከዚያስ? ምን ብበላ፣ ምን ባደርግ እንደሆነ ቁጥሩ አይነግረኝም።

የምከታተልበት ክሊኒክ ያለች ነርስ ናት "እህቴ፣ ጥንድ ጥንድ አድርገሽ ለኪ" ያለችኝ። አንድ ምግብ መርጦ ከመብላት በፊት አንዴ፣ መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ አንዴ። ራትን መረጥኩ፤ እኛ ቤት ራት ማለት እንጀራ በሽሮ ነውና። አንድ ሙሉ እንጀራ ስበላ ከ131 ወደ 238 ወጣ። ሌላ ቀን ግማሽ እንጀራ አድርጌ፣ ጎመኑን አስቀድሜ ሽሮውን ወደ መጨረሻ ሳደርገው ከ127 ወደ 189። ያንኑ ግማሽ በልቼ 20 ደቂቃ በእግሬ ስዞር ከ134 ወደ 166። ከ180 በታች ያየሁ ቀን ለኔ ሰርግ ነው። በእርግጥ ይሄ የኔ ሰውነት ቁጥር ነው፤ እናንተ ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጉዞ ስል ደግሞ ጂም እንዳይመስላችሁ፤ የኮንዶሚኒየማችንን ብሎኮች መዞር ነው። ጥበቃው መጀመሪያ ሰሞን "እትዬ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን 291 አለኝ። ክው ብዬ ለእህቴ ደወልኩ። ለካ ለልጄ ማንጎ ልጬ፣ እጄን ሳልታጠብ ነው ጣቴን የወጋሁት። በሳሙና ታጥቤ፣ አድርቄ ስደግመው 143። እና ደግሞ የጣታችሁን መሐል አትውጉ፣ ጎኑን ውጉ። መሐሉን የወጋ ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ ያስታውሰዋል።

ወደ ጾም ልምጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ነው። በሁዳዴ ጠዋት ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒኔን ውጬ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እውል ነበር። ይሄ ክኒን ደግሞ በላችሁም አልበላችሁም ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ እያለ ይነዘንዛል። አንድ ቀን 7 ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ በጀርባዬ ወረደ፣ የማነበው ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ። ማሽኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ 54፣ ስኳሬ ከልክ በታች ወርዷል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ አጠጣችኝ። ከ15 ደቂቃ በኋላ 82 ሆነና ዳቦ በላሁ። እኔ ግን በልቤ "ጾሜን ገደፍኩ" እያልኩ ነበር። ጉድ እኮ ነው!

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ተቆጡኝ። የተቆጡት በመግደፌ አይደለም፤ እስከዛሬ ሕመሜን ስለደበቅኳቸው ነው። ሐኪሜም የክኒኑን ሰዓት ከምግቤ ጋር አስተካከለችልኝ። አሁን የጾም ምግብ እበላለሁ፣ ሰዓት ግን አልቆይም። ቦርሳዬ ውስጥም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በፌስታል ተቋጥሮ አይጠፋም።

ስለ ጾም ያልጠበቅኩት ሌላም ነገር ነበር። እግሬን ሲያደነዝዘኝ ያው ስኳሩ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ሐኪሜ ቢ12 አስመረመረችኝ፤ ዝቅ ብሏል። ሌላው የስኳር ክኒኔ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ሊቀንስ ይችላል። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው፤ እኔ የዓመቱን ግማሽ ያህል ጿሚ ነኝ። መርፌውን ጀምሬያለሁ። የናንተም መደንዘዝ ከዚህ ነው አልልም፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ ለማለት ነው።

ማታ ማታ እግሬን አያለሁ። ውስጥ እግሬን ለማየት ማጎንበስ ስለሚከብደኝ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጬ እግሬን ከላዩ አደርጋለሁ። ባለፈው ወር የልጄ እርሳስ መቅረጫ ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ስረግጠው ዋልኩ። ምንም አልተሰማኝም። ማታ በመስታወቱ ውስጥ ቀይ አራት ማዕዘን አየሁ። ከዚያ ወዲህ ጫማዬን ገልብጬ ሳላራግፍ አላጠልቅም።

ያቃተኝ ቡና ነው። ከ3 ማንኪያ ወደ 1 ወርጃለሁ፣ ያለ ስኳር ግን እሬት ሆነብኝ። እናቴ "በኛ አገር በጨው ነበር የሚጠጣው" ትለኛለች፤ ጨዉን ደግሞ ለግፊቴ ማን ይንገርልኝ? አብሽና ሽፈራው ጠጪ የምትሉኝ ጎረቤቶቼም ተባረኩ፤ ክኒኔን ግን አልተውም።

አሁን 11 ስትሪፕ ቀርቶኛል። ለኔ ማሽን የሚሆነው ሰሞኑን ከፋርማሲ ጠፍቷል፤ ማሽን ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ስትሪፑ በሰፈራችሁ መኖሩን አረጋግጡ። በ10ሩ ቁርስን ልፈትን ነው፤ ዳቦ በሻይ፣ ቂንጬ፣ ገንፎ። አንዷን ለክፉ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።