«ባይ» ነኝ እንዴ እኔ?

ጎንደር ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት አጥር ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከአዘዞ መጡ። ልጃቸው በብድር ተከሶ ተፈርዶበታል፤ ለፍርዱ አፈጻጸም ቤት ውስጥ የተገኘው ዕቃ ሁሉ ተይዟል። ፍሪጁ ግን የእሳቸው ነው። የገዙበትን ደረሰኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል።

ጽፌ ስጨርስ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ይገባኛል ባይ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ‹ባይ› ነኝ እንዴ እኔ? የኔው ነው እኮ!»

ጆሯቸው አልተሳሳተም። «አዋቂ ነኝ ባይ» ስንል አዋቂ አይደለም ማለታችን ነው። በሰፈር ወሬ «ባይ» የተባለ ሰው ግማሽ ውሸታም ሆኗል። ፍርድ ቤት ውስጥ ግን ቃሉ ስድብ የለበትም። ጥያቄ አቅርቧል፣ ገና አልተጣራም ማለት ብቻ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 418 የእሳቸውን ዓይነት ጉዳይ ይመለከታል። ንብረቱ በተያዘ ጊዜ መብት ወይም ይዞታ እንደነበረው በማስረጃ ማሳየት ያለበት ራሱ ይገባኛል ባዩ ነው።

የከበዳቸው ሌላ ነገር ነው። እዚያው ወረቀት ላይ ልጃቸውን የከሰሰው ሰው «የፍርድ ባለመብት» ተብሏል። እሱ «ባለ»፣ እሳቸው «ባይ»። እሱ «ባለ» የተባለው በብድሩ ስለተፈረደለት ነው፤ ስለ ፍሪጁ ግን አልተፈረደለትም። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አስረዳኋቸው። ሦስተኛው ላይ «አሁን ገባኝ» አሉ። ደስ አለኝ። «ይገባኛል» ማለት ድርሻዬ ነው ማለትም፣ እረዳዋለሁ ማለትም ነው። መብቱ ያልገባው ሰው ይገባኛል ብሎ አይመጣም።

አገራችን ደግሞ ይገባኛል ማለትን ድሮም ታውቃለች። በርስት ዘመን በእናትም በአባትም ትውልድ ቆጥሮ አቅኚው አባት ዘንድ የደረሰ ሁሉ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው። ያኔ ነውሩ ዝም ማለት ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጁ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርገው ያ ሙግት ቀረ። ቃሉ ግን አልቀረም፤ ዛሬ ለውርስም፣ ለግቢ ወሰንም፣ ለፍሪጅም እንጽፈዋለን። ስለዚህ ሰው «ይገባኛል ባይ» ሲባል አንገቱን ሲደፋ ሳይ ያመኛል። የጠየቀ ሰው እኮ ምንም አላጠፋም!

ቃሉን አልሰረዝኩትም። እሳቸውም ሰርዝልኝ አላሉም። ቋጠሮውን ፈትተው ደረሰኙን በመዳፋቸው አለሰለሱና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ደረሰኝ ተያይዟል የሚለውን ግን በትልቁ ጻፍልኝ» አሉ።

በትልቁ ጻፍኩላቸው።