ወርደው የሚወጡት ኮረብታ

ወደ አንኮበር ቤተ መንግሥት ኮረብታ የሚሄድ ሰው ከመውጣቱ በፊት ብዙ መውረድ አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከእርሷ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው መንገድ የገብሱን ማሳና ጅባራ የበቀለበትን ውርጫም ደጋ ካቋረጠ በኋላ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ከኮረብታው ሥር ወዳለችው ከተማ ወደ ጎረቤላ ይወርዳል። ስለዚህ ኮረብታውን መጀመሪያ የምናየው ከላይ ሆነን ነው፤ ከዚያ ሲታይ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለነገሥታት መቀመጫ የሚበቃ ቁመት ያለው አይመስልም።

ባለፈው ጥቅምት ከአጎቴ ልጅ ጋር ስንወጣ፣ በጥዱ ጥላ ሥር በትራቸውን ተመርኩዘው የሚወርዱ አንድ አዛውንት ሰላምታችንን ተቀብለው «ልጆቼ፣ ጉሙ ሳይቀድማችሁ ውጡ» አሉን። «እሺ አባባ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለን እርምጃችንን አፈጠንን። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የከተማ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ለመቆሚያውም «እይታውን ላድንቅ» የሚል ምክንያት አያጣም።

ጫፉ ላይ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የተረፈው ጥቂት የግንብ ፍርስራሽ ሲሆን፣ በኋላ በቦታው ሎጅ ተሠርቶበት ነበር። የኮረብታው ምሥጢር የሚገለጠው ግን ፊትን ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ ነው፤ ምድሩ እርከን በእርከን እየተናደ ወደ ጥንታዊቷ የገበያ ከተማ ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዋሽና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ የደረሰው በዚሁ በኩል ነበር። ከዚያ ሙቀት ወጥቶ ቀና ብሎ ለሚያይ መንገደኛ ይህ ኮረብታ ትንሽ ሊመስል አይችልም። የሸዋ ነገሥታት ከኋላቸው እህል የሚያበቅለውን ደጋ፣ ከፊታቸው አሞሌ ጨውና ሸቀጥ የሚመጣበትን የሲራራ መንገድ ይዘው መቀመጣቸው ለእኔ የገባኝ እዚያ ስቆም ነው፤ በመጽሐፍ ሳነበው ይህን ያህል አልታየኝም ነበር።

በገደሉ ጠርዝ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ። በአንኮበር ስም የምትጠራው፣ ለሳይንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 የታወቀችው ቡናማ ትንሽ ወፍም የዚህ ገደል ነዋሪ ናት፤ እኛ ግን አላየናትም።

ጉልበት ያለው ሰው ከደብረ ብርሃን በመኪና ከመምጣት ይልቅ ከአልዩ አምባ በእግር ቢወጣ እመርጥለታለሁ፤ ታችኛው መንገድ ስለሚሞቅ ግን ፀሐይ ሳትበረታ፣ ውኃ ይዞ መነሳት ይኖርበታል።