ማላት1ን በሳንባ ካንሰር ሕዋስ ላይ ስንሠራ የሚያሳስቱ ነገሮች

ማላት1 ፕሮቲን የማይሠራ ረጅም አርኤንኤ ነው፤ ከ8,000 በላይ ፊደላት አሉት። ለጀማሪ ቀላል ይመስላል፤ ምክንያቱም ኤ549 በሚባለው የሳንባ ካንሰር ሕዋስ ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። ጣጣው ያለው አለካኩ ላይ ነው፤ የሚለካውም አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ ተገልብጦ በማሽን በየዑደቱ እጥፍ እየተባዛ (ኪውፒሲአር) ነው።

በብዛት የሚገኘው ቅጂ ኢንትሮን (አርኤንኤው ሲሰናዳ ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) የለውም። ስለዚህ ፕራይመሮቹን (የሚባዛውን ቁራጭ የሚወስኑትን አጫጭር ዲኤንኤዎች) ከኢንትሮን ግራና ቀኝ አስቀምጦ ከዲኤንኤ ብክለት ማምለጥ የለም። ናሙናው ውስጥ የቀረ ዲኤንኤ እኩል ይባዛል፤ ማሽኑም አይለየውም። ዲኤንኤን የሚቆርጠው ኢንዛይም፣ ዲኤንኤዝ፣ ይግባበት፤ ከየናሙናው ጎንም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት ቱቦ አብሮ ይሂድ። በሁለቱ ቱቦዎች መካከል 7 ዑደት ካለ ልዩነቱ 128 እጥፍ ነው፤ ብክለቱ ከ1 በመቶ በታች ሆነ ማለት ነው። 3 ዑደት ብቻ ከሆነ ግን ከምልክቱ 12.5 በመቶው ዲኤንኤ ነው። ያንን ውጤት ይጣሉት።

ብክለቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ አርኤንኤው ሲወጣ ነው። ለ1 ሚሊሊትር ትራይዞል (ሕዋሱን አፍርሶ አርኤንኤውን የሚያወጣ ፈሳሽ) 0.2 ሚሊሊትር ክሎሮፎርም ጨምሮ በ12,000 ጂ፣ በ4 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ማሽከርከር፤ እዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። የላይኛውን ጥርት ያለ ፈሳሽ እስከ መጨረሻው ጠብታ ልቅዳ ሲባል ግን ፒፔቱ መካከል ያለውን ነጭ ሽፋን ይነካና ዲኤንኤው አብሮ ይመጣል። ስስት አያዋጣም፤ ጥቂት ትቶ መነሣት ነው። ቀጥሎ 0.5 ሚሊሊትር ኢሶፕሮፓኖል፣ ከዚያ በ75 በመቶ ኤታኖል ማጠብ።

ማላት1 ከኒውክሊየስ አይወጣም። አንድን አርኤንኤ ለመቀነስ የሚገባው አጭር ኤስአይአርኤንኤ ደግሞ በአመዛኙ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ስለሚሠራ እዚህ ላይ ጉልበቱ ያንሳል። ጋፕመር (ከዒላማው አርኤንኤ ጋር የሚጣመር፣ መሐሉ ዲኤንኤ የሆነ አጭር ሰንሰለት) የሚሻለው በአርኤንኤዝ ኤች1 ኢንዛይም አማካይነት እዚያው ኒውክሊየስ ውስጥ ስለሚያስቆርጠው ነው። ዒላማ ከሌለው ማነጻጸሪያ ሌላ ቅደም ተከተላቸው የተለያየ ሁለት ጋፕመሮች ይያዙ። ሁለቱም ማላት1ን እኩል ቀንሰው በሕዋሱ ላይ ያሳዩት ለውጥ ከተለያየ፣ አንዱ ሌላ አርኤንኤ እየነካ ሊሆን ይችላል። ሲቲው (ምልክቱ ጎልቶ የታየበት ዑደት) ከማነጻጸሪያው በ2 ዑደት ከዘገየ ሩቡ ቀርቷል ማለት ነው።

«እድገት» የሚለውን ቃልም ከሥርጭትና ከሕዋስ ጉዞ ለይቶ በጥንቃቄ መጠቀም ነው። ይህ አርኤንኤ በ2003 የታወቀው ገና በመጀመሪያ ደረጃ ባለ የሳንባ ካንሰር ላይ የወደፊት ሥርጭትን ስለጠቆመ ነው። በ2013 በኤ549 ላይ ከሞላ ጎደል ሲጠፋ ጎልቶ የተዳከመው የሕዋሱ ጉዞ ነው፤ በአይጦችም የታዩት እጢዎች በቁጥር ያነሱ ነበሩ። (በጡት ካንሰር ላይ በ2018 የወጣ ሥራ ሥርጭትን ይገታል ብሏል፤ ስለዚህ የሳንባውን ውጤት ወደ ሌላ አካል አናሻግር።)

ኤ549 በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ ስለሚሆን፣ በጭረት ሙከራ (የሕዋስ ንጣፍ ተጭሮ ክፍተቱ ሲሞላ በሚታይበት) 24 ሰዓት የጠበቀ ሰው ጉዞንና መባዛትን ደባልቆ ይለካል። መባዛትን የሚያበረታታውን ሴረም ይቀንሱ፣ በ12ኛው ሰዓትም ፎቶ ያንሱ፣ በሌላ ሳህን ሕዋስ ይቁጠሩ። በ200 ማይክሮሊትር የፒፔት ጫፍ ከጫሩ በኋላ በፒቢኤስ (ጨዋማ ማጠቢያ ፈሳሽ) ሁለት ጊዜ ማጠብ አይዘለል፤ የተላቀቁት ሕዋሳት ክፍተቱ ውስጥ ተመልሰው ይጣበቁና ተጉዘው የደረሱ ይመስላሉ።