ጌታ ለእጄም ለመብቴም መለሰልኝ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ሳይት ላይ ለምትውሉ ወገኖቼ ነው።

እኔ ፌሮ ሠራተኛ ነኝ። የምንቆርጥበት ግራይንደር የዲስክ መከላከያው ከተነሳ ቆይቷል። ለፎርማኑ ነግሬው ነበር። «ዛሬን ጨርስበት፣ ነገ ይታሰባል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ዲስኩ ፌሮው ውስጥ ተቀረቀረና ተሰበረ። ስባሪው ግራ መዳፌን ሰንጥቆ የመሃልና የቀለበት ጣቴን ጅማት ከአንድ ነርቭ ጋር በጠሰው። ከደሙ ይልቅ ያስደነገጠኝ ጣቶቼን ልጨብጥ ስል እምቢ ማለታቸው ነው።

ሐኪሞቹ ሰፉልኝ፣ ጌታ ይባርካቸው። ገና ከአልጋ ሳልወርድ ፎርማኑ ወረቀትና ፖስታ ይዞ መጣ። ፖስታው ውስጥ ትንሽ ገንዘብ አለ። ወረቀቱ «የተጎዳሁት በራሴ ቸልተኝነት ነው፤ ከእንግዲህ የምጠይቀው ነገር የለም» ይላል። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ልጆች አሉኝ። እስክሪብቶውን በደህናው እጄ አስይዞኝ ቆሞ ይጠብቃል። በልቤ ጮህኩ፤ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ውሸት እንዳልፈርም አቅም ስጠኝ። ምስክርም ስጠኝ።» ከዚያ እስክሪብቶውን መለስኩለት። ያን ድፍረት የሰጠኝ ጌታ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አሸዋና ሲሚንቶ የምታቀብል አንዲት እህት ልትጠይቀኝ መጣች። ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። መከላከያ የሌለው ግራይንደር፣ የተሰበረው ዲስክ፣ ፌሮው ላይ የፈሰሰው ደሜ። ዕቃው ከቦታው ሳይነሳ ፈጥና ያነሳችው ነው። «እመሰክርልሃለሁ፤ ነግ በእኔ ነው» አለችኝ። የቀን ሠራተኛ ናት። ከነገ ጀምሮ አትምጪ ቢሏት የምታሳየው ውል እንኳ የላትም። አለቀስኩ።

አንድ ወንድም «ተወው፣ ለጌታ ስጠው» ብሎኝ ነበር። በቅንነት ነው፣ አልቀየምኩትም። ግን ጌታ ራሱ ሳይታክቱ ስለ መጸለይ ሲያስተምር ምሳሌ ያደረጋት ዳኛው ዘንድ እየተመላለሰች «ፍረድልኝ» ያለችውን መበለት ነው። እኔም እየጸለይኩ ሄድኩ።

የሠራተኛ ጉዳይ የሚያዩ ሰዎች ብዙ አስረዱኝ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሥራ ላይ ለሚደርስ አደጋ ካሳ እንዲከፈል የሚያዝ ስምምነት ያወጣው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1964 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ደግሞ ሕክምናን፣ ከሥራ ለቀሩበት ጊዜ የሚከፈል ገንዘብን፣ ለቋሚ ጉዳት የሚሰጥ ክፍያንም ይጨምራል። በብዙ አገሮች ሕግ ካሳ ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ጉዳታችሁን ቶሎ አስመዝግቡ፣ የሐኪም ወረቀታችሁን ኮፒ ያዙ፣ አልጋ ላይ ሆናችሁ አትፈርሙ።

የእጄ ነገር ረጅም ነበር። የተሰፋ ጅማት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ከዙሪያው ሥጋ ጋር ይጣበቃል፣ ያለጊዜው ከጫኑበት ደግሞ ይበጠሳል። ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፊዚዮቴራፒ ላይ በየቀኑ «ጨብጥ» እባላለሁ፣ ጣቶቼ ዝም ይላሉ። ማታ ማታ ባለቤቴ እጄን ይዛ ትጸልያለች። አንድ ቀን የመሃል ጣቴ ትንሽ ጎንበስ አለ። ባለሙያዋ «እስቲ ድገመው» አለችኝ፤ ደገምኩት። እልል አልኩ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

በመጨረሻ የሕክምናዬ ወጪ፣ ያልሠራሁበት ጊዜ ደመወዝ፣ የሕክምና ቦርዱ በወሰነው መጠንም የቋሚ ጉዳት ካሳዬ ተከፈለኝ። የቀለበት ጣቴ እስከ መጨረሻው አይታጠፍም፣ ብርድ ሲሆንም ያመኛል። ግን ፒንሳ ይዤ ሽቦ አስራለሁ። ተመስገን!

ያቺ እህት ከመሰከረች በኋላ ከሳይቱ ተቀንሳለች። አቤቱታዋን አብረን አስገብተናል፣ ገና አልተወሰነም። እባካችሁ በጸሎት አስቧት። ክብር ሁሉ ለጌታ ይሁን።