የቦነስ አይረሱ ልጅ

ጠዋት ከነቃሁ ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ዝናቡ ይሁን እሑድ መሆኑ እንጃ። ትንሹ ወንድሜ ደውሎ «መቼ ነው የምትመጪው?» አለኝ። ድሮ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ነበር የሚለኝ። ቃሉን መቀየሩን እሱም ልብ አላለውም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጀበናው ገንፍሎ ምድጃውን እስኪያለብሰው ድረስ ፈዝዤ ቀረሁ።

ያኔ ነው የክሪኬት ተጫዋቹ ክሌመንት ጊብሰን ትዝ ያለኝ። ሥራ ቦታ የምንከባከባቸው፣ በልቤ «አባባ» የምላቸው አዛውንት አሉ። የክሪኬት፣ የዚያ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ ወሬ ከጀመሩ አያቆሙም። ይሄን ሰው ያወቅኩት በእሳቸው ነው።

ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ቦነስ አይረስ ተወለደ። ከብሪታንያ ሄደው አርጀንቲና ከተቀመጡት ሰዎች ወገን ነው። እነዚያ ሰዎች ክሪኬታቸውንም ይዘው ነው የሄዱት። ልጁ ግን ለትምህርት እንግሊዝ፣ ኢተን የሚባል ትምህርት ቤት ተላከ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ትልልቆቹ ውድድሮች ቆመው ስለነበር ዊዝደን የሚባለው የክሪኬት ዓመታዊ መጽሐፍ በ1918 ምርጦቹን ከተማሪዎች መረጠ። አምስት ኳስ ወርዋሪዎች ናቸው፤ አንዱ እሱ ነው። ቀጥሎ ካምብሪጅ ገባ።

ኦገስት 1921፣ ኢስትቦርን የምትባል የእንግሊዝ ከተማ። የአውስትራሊያ ቡድን በዚያ የእንግሊዝ ጉብኝቱ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም ነበር። የ49 ዓመቱ የቀድሞ የእንግሊዝ አምበል አርቺ ማክላረን ግን «የሚያሸንፋቸው ቡድን እኔ እመርጣለሁ» ብሎ ተነሳ። የማክላረን ቡድን መጀመሪያ ሲመታ 43 ሩጫ (የክሪኬት ነጥብ) ብቻ አግኝቶ አለቀ። አበቃለት የተባለ ቡድን ነበር። በሁለተኛው ዙር ደቡብ አፍሪካዊው ኦብሪ ፎክነር ብቻውን 153 አመጣ። አውስትራሊያዎች ለማሸነፍ 196 አስፈለጋቸው። ገና 21 ዓመት የሞላው ጊብሰን 64 ሩጫ ሰጥቶ ስድስት መቺዎችን አሰናበተ። 167 ላይ አለቁ። በ28 ሩጫ ተሸነፉ!

አባባ እዚህ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ይወጣል። ጣቶቻቸው የሌለችውን ኳስ ስፌት ይዳብሳሉ።

በ1922-23 ከማክላረን ጋር አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሄዶ ተጫወተ። ከዚያ አርጀንቲና ገባ፤ ለአርጀንቲናም ተሰለፈ። እንግሊዝ ቢቀር የት በደረሰ የሚል ይኖራል። እኔ ግን አልፈርድበትም። እንግሊዝ ጎበዝ ብላዋለች፤ ቤቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በ1976 ያረፈውም እዚያው በተወለደበት ከተማ ነው።

ከልቤ አልወጣ ያለኝ 1932 ነው። የደቡብ አሜሪካ ቡድን ሊጫወት እንግሊዝ ሲመጣ አምበሉ ጊብሰን ነበር። ልጅ ሆኖ የሮጠበትን ሣር የእንግዳ ቡድን መሪ ሆኖ ረገጠው። ከመርከብ ወርዶ ቦነስ አይረስ ላሉት ደብዳቤ ጽፎ ከሆነ፣ ምን ብሎ ጀመረው? «መጣሁ» ነው? ወይስ «ተመለስኩ»?